ተቀምጠው የሚራመዱት ሰው

«እንዴት አደሩ፣ እትዬ? ወገብዎስ ዛሬ እንዴት ነው? ትናንት ጎንበስ ሲሉ ሲያቃስቱ ሰምቼ አንጀቴን በሉት። ኧረ ይተዉት፣ ባልዲውን እኔ ሞልቼ አመጣልዎታለሁ። እስቲ እዚች ካርቶን ላይ አረፍ ይበሉ… ይቀመጡ ግድ የለም፣ ባዶ ናት። ብርዱስ እንዴት ነው ዘንድሮ? ይሄ መስኮት እኮ መቼም አይጠገንም፤ ነፋሱ የሚገባው ሰው ሳያስፈቅድ ነው።»

እንዲህ የሚለው ብረቱ ነው። እውነተኛ ስሙን እናቱ ታውቀዋለች፣ እዚህ ቤት ግን ብረቱ ነው የሚባለው። ስሙን ያወጡለት አለቃው፣ የመጋዘን ኃላፊው ናቸው። ሃያ ሦስት ዓመቱ ነው፤ ከስድስተኛ ክፍል ወጥቶ ትከሻውን ይዞ ሥራ የገባ ሰው ነው። ሥራው መሸከም ነው። ቤቱ የቤት ዕቃ መሸጫ ነው፣ ባለ አራት ፎቅ። ምድር ቤቱ መስታወት በመስታወት ሆኖ ለደንበኛ ይታያል፤ ዕቃው የሚቀመጠው ግን አራተኛ ፎቅ ነው። ሊፍት አለ። በሩ ላይ «ለደንበኛና ለኃላፊዎች ብቻ» ይላል። ፍሪጅ ደንበኛም ኃላፊም ስላልሆነ በደረጃ ይወጣል። ሰማንያ አራት ደረጃ። አንዱ ከላይ ይይዛል፣ አንዱ ከታች፤ ከላይ ያለው መንገድ ያሳያል፣ ክብደቱ የሚያርፈው ከታች ባለው ላይ ነው። ብረቱ ሁልጊዜ ታች ያዥ ነው።

አሁን የቆመው ሦስተኛ ፎቅ ኮሪደር ላይ ነው፣ ከመጋዘን ኃላፊው ቢሮ በር አጠገብ። በሩ አንድ ጣት ያህል ገርበብ ብሏል። ኃላፊው ውስጥ ናቸው። ጫማቸው ከጠረጴዛው በታች ይታያል፣ አንዱ ባንዱ ላይ ተነባብሮ።

ከግማሽ ሰዓት በፊት ብረቱ እዚያ ውስጥ ነበር። የድርጅቱ ክሊኒክ የኃላፊ ፊርማ ያለበት ወረቀት ካላየ ሠራተኛ አያስገባም። እናም ያንን ወረቀት ሊጠይቅ ገባ፤ ባዶ እጁን ወጣ። ያለ ወረቀቱ የትም አይሄድም፤ ያለ ወረቀቱ ዛሬም ሰባት ማጠቢያ ማሽን ይጠብቀዋል።

«ድምፄን ከፍ አደረግኩብዎት አይደል? ጆሮዎ አልፎ አልፎ ይይዝዎታል ብዬ ነው።»

የጽዳት ሠራተኛዋ ጆሮ ምንም የለበትም። ምድር ቤት ቁልፍ ሲወድቅ ሦስተኛ ፎቅ ሆነው የማን ቁልፍ እንደሆነ የሚያውቁ ሴት ናቸው። አንዴ ብረቱን አዩት፣ አንዴ በሩን አዩት፣ ከዚያ እጃቸውን ከጆሯቸው ኋላ አድርገው አንገታቸውን ዘንበል አደረጉ። ዘዴው ገብቷቸዋል።

«ያቺ ክብ መጥረጊያ ዛሬም ከቁም ሳጥን ሥር ገባችብዎት? ብቻዋን ትጠርጋለች ብለው አይደል የሚሸጧት? ካርቶኗ ላይ ‹ያለ ሰው እጅ› ይላል፤ አንብቤያለሁ። እውነት ነው፣ እጅ የለበትም… ወገብ ግን አለበት። እርስዎ በደረትዎ ተኝተው በመወልወያው እንጨት ሲጎትቷት ያየ ሰው እኮ ማን ማንን እየጠረገ እንደሆነ ግራ ይገባዋል። ማታ ላይ ግን ‹ማን ጠረገው?› ሲባል… እሷ! እርስዎማ ረዳቷ ነዎት።

«ትናንት ያወጣነው ፍሪጅ ደግሞ ይናገራል አሉ። ‹ወተት አልቋል› ይላል። የጨረሰው ሰው አያውቅም እንዴ፣ እትዬ? ከኔ ጋር ግን አልተነጋገርንም። ሰማንያ አራት ደረጃ ሙሉ ደረቴ ላይ ተንጋሎ ዝም! ‹አይዞህ› እንኳን ቢለኝ ምን ነበረበት? ለካ እሱም የሚያናግረው የገዛውን ነው።

«ማንቆርቆሪያዋንስ ሰሙ? ከአልጋዎ ሳይነሱ ስልክዎን ሲነኩ ውኃ ታፈላለች። ውኃውን ማን ይሞላባት? ይነሱና ይሞሉባታል፣ ተመልሰው ይተኛሉ፣ ከዚያ ሳይነሱ ያፈሏታል። ሥልጣኔ ነው፤ እኔ አልቃወምም! የማልቃወመውም ስለማይገባኝ ነው። በሸክም ነው እንጂ በአሠራሩ አላውቀውም።

«ከሁሉ የገረመኝ ግን ሰዓት ነው…»

እዚህ ላይ ባልዲውን አነሳ፣ መልሶ አስቀመጠ። በቢሮው ውስጥ ይንኳኳ የነበረ የኮምፒውተር ፊደል ቆመ።

«ይሄ ቀጠሮ የሚያስታውሰው አይደለም። እርምጃ የሚቆጥረው፣ የልብ ምት የሚያዳምጠው። ድሮ ሰው ደከመኝ የሚለው ሲደክመው ነበር። አሁን ደከመው አልደከመው ሰዓቱን ካላየ አያውቅም። ሰዓት የሌለው ደግሞ… አይደክመውም ማለት ነዋ!

«አንድ ሰው አሉ፣ እትዬ። ኧረ እዚህ ቤት አይደሉም! ምን ነካዎት? ሌላ ቤት፣ ሌላ ሰፈር። ትልቅ ሰው ናቸው፣ የተከበሩ። እኚህ ሰው ተቀምጠው ይራመዳሉ። አዎ፣ ይገረሙ! ጠዋት ገብተው ወንበራቸው ላይ ይሰየማሉ፤ ሻይ ይመጣላቸዋል፣ ፋይል ይመጣላቸዋል፣ ምሳ ይመጣላቸዋል። ማታ ሰዓቷ ስትታይ ግን ሃያ ሁለት ሺህ እርምጃ! አንድ ቀንማ ስብሰባ ላይ ነበሩ፣ ከአራት ሰዓት እስከ ዘጠኝ ሰዓት ንቅንቅ ሳይሉ። አርባ ፎቅ ወጡ። ስብሰባው ሳይቋረጥ! እኔ እንግዲህ እግሬን ካላነሳሁ አንድ ደረጃም መውጣት አልችልም። የተፈጥሮ ጉድለት ይሆናል… ወይ ያለመማር።

«ደግሞ እንቅልፋቸው! ያቺው ሰዓት ማታ ማታ እንቅልፍ ትመዝናለች። እና የእሷ ሪፖርት ምን ይላል አሉ? ቀን እንደ በሬ ይሠራሉ፣ ማታ እንደ ሕፃን ይተኛሉ። እስቲ ይሄን ሁለቱን ባንድ ገላ የት አይተው ያውቃሉ?»

ወንበር ሲጢጥ አለ። እትዬ መወልወያቸውን ጨምቀው ሲያበቁ ደረቁን መወልወያ እንደገና መጭመቅ ጀመሩ፤ ሳቃቸውን የሚያስቀምጡበት ስላጡ ነው።

ነገሩን ፎቁ በሙሉ ያውቀዋል፤ በድምፅ ያወጣው ሰው ግን አልነበረም። ሰዓቷን ያመጣው ዋናው መሥሪያ ቤት ነው፤ ለኃላፊዎች ብቻ፣ በየዓመቱ ለሚደረግ የአንድ ወር ውድድር። ብዙ እርምጃ የተራመደ ኃላፊ ይሸለማል ተባለ። የመጋዘን ኃላፊው ሁለት ቀን አሰሯትና አራት መቶና አምስት መቶ እያለች አሳፈረቻቸው። በሦስተኛው ቀን ብረቱን ጠርተው «ቆዳዬን እያሳከከችኝ ነው፣ ቀን ቀን አንተ ጋ ትዋል» አሉት። ገና ሲያስራት «ጠበቅ አድርጋት፣ እንዳትወድቅ» አሉ። ይኸው ከዚያ ቀን ጀምሮ፣ ውድድሩ ካለቀም በኋላ፣ ጠዋት ይቀበላል፣ ማታ ይመልሳል። አሁንም እጅጌው ሥር ናት፣ ግራ እጁ ላይ፣ በላብ ተጣብቃ።

«እና ተሸለሙልዎት! መሸለማቸው ሲያንሳቸው ነው። ዋንጫ ከፍ አድርገው የተነሱት ፎቶ ግድግዳ ላይ አለ አሉ፤ ‹የዓመቱ ጤናማ ኃላፊ› ተብሎ። ‹ምሥጢሩ ምንድነው?› ተብለው ሲጠየቁ ‹ጽናት ነው› አሉ። አልዋሹም እኮ! ጽናትማ ነበረበት። የማን እንደሆነ የጠየቃቸው የለም፣ ያልተጠየቁትን ለምን ይመልሱ?

«እና አይገርምዎትም? የሽልማቱ ቀን እንኳን አላረፉም። ኬኩ የሚቆረስበት ጠረጴዛ ከአራተኛ ፎቅ ሲወርድ፣ ወንበሮቹ ሲወርዱ፣ ከዚያ ሁሉም ተመልሶ ሲወጣ… እሳቸው መድረክ ላይ ቆመው እየተጨበጨበላቸው አሥራ ዘጠኝ ሺህ እርምጃ ሄዱ። እንዲህ ያለ ትጉ ሰው ለጭብጨባ ብሎ ሥራውን አያቆምም።

«ኬኩ? አይ፣ እኛ… ማለቴ እዚያ ቤት ያሉት ተሸካሚዎች፣ ሲደርሱ አልቆ ነበር። ሳህኑን ግን አውርደዋል።»

ብረቱ ባልዲውን ወደ ግድግዳ አስጠጋና ጀርባውን ደገፍ አደረገ። ድምፁ እንዳለ ነው፣ ትንፋሹ ግን ቶሎ ቶሎ ይላል፤ ዛሬ ገና ምንም ሳይሸከም።

«ከዚያ ምን ይሆናል? ይቺ ሰዓት አንድ ማክሰኞ ቀይ ልብ አወጣች። ስልካቸው ላይም መጣ፤ ‹የልብ ምትዎ አስጊ ነው፣ ሐኪም ያማክሩ›። ደነገጡ። ማን አይደነግጥም? ሰው ያለው አንድ ልብ ነው… ለአንዳንዱ ሁለት ይሰጠዋል እንጂ። የድርጅቱ መኪና ከች አለ። በሊፍት ወረዱ፣ ተደግፈው። ሦስት ሐኪም አያቸው፣ ሽቦ በሽቦ ተደረጉ። ‹ልብዎ የአሥራ ስምንት ዓመት ጎረምሳ ልብ ነው› አሏቸው። ለድንጋጤው ብቻ አምስት ቀን ዕረፍት ተሰጣቸው። እንኳንም ደኅና ሆኑ! እኔ በበኩሌ ስሰማ ደስታዬን አልቻልኩትም… ቁጭ አልኩ፣ ደረጃው ላይ።

«ግን አንድ ነገር አልገባ አለኝ፣ እትዬ። እርስዎ በዕድሜ ብዙ አይተዋል፣ ያስረዱኝ። ያ የታመመው ልብ የት ሄደ? ሰዓቷ ቀይ ያለችው አንድ ልብ ሰምታ ነው መቼም። ዋሸች እንዳንል፣ እርምጃውን ስትቆጥር አልዋሸችም፤ ዋንጫ አሸልማለች። እርምጃው ላይ እውነተኛ ሆና ልቡ ላይ ስትደርስ ትዋሻለች? እርምጃው የሳቸው ከሆነ፣ ልቡም የሳቸው ነው። ልቡ የሳቸው ካልሆነ ደግሞ…

«አይ፣ ይተዉት። እኔ ስድስተኛ ክፍል ላይ ነው ያቆምኩት። የተማረ ይጨርሰው።»

በዚያ ማክሰኞ ብረቱ ደረጃ ላይ ነበር፣ ታች ይዞ። ሦስተኛው ፎቅ መታጠፊያ ላይ ልቡ ቀጥ አለች። አንዴ፣ ሰው ንግግር አቋርጦ እንደሚያዳምጥ። ከዚያ የዘለለችውን ልታካክስ ይመስል እየሮጠች መጣች። ዓይኑ ጨለመ። ላይ ያዡ ጓደኛው «ያዝ! ያዝ! ምን ሆነሃል?» ብሎ ጮኸ። ያዘ። ያን ጊዜ ነው እጁ ላይ ቀዩን ብርሃን ያየው። ለማንም አልተናገረም። ኃላፊው ደኅና ሆነው ከዕረፍት እስኪመለሱ ጠበቀ። እስከዚያ ድረስ ልቡ ሁለት ጊዜ ደገመችበት። ትናንት ተመለሱ። ከሰላምታ ቀጥለው ያደረጉት ነገር ሰዓቷን ማቀበል ነበር። ዛሬ ጠዋት ገና ከማሰሩ ነው ገብቶ ወረቀቱን የጠየቃቸው።

«ዛሬ ደግሞ አንድ ተሸካሚ አለ፣ እዚያው ሌላው ቤት። ‹ለክሊኒክ ወረቀት ይፈርሙልኝ› ብሎ ሰውየውን ጠየቃቸው አሉ። ‹ብረት ደግሞ ይታመማል እንዴ?› ብለው ሳቁ። እሱም ሳቀ። ምን ያድርግ? የአለቃ ቀልድ ላይ መሳቅ የሥራው ክፍል ነው፤ ከሸክሙ ይቀላል። ‹ሂድ፣ ማሽኖቹ ይጠብቁሃል› አሉት። እውነታቸውን ነው። ማሽኖቹማ ይጠብቃሉ። ምን ይሆናሉ? ማሽን ልብ የለው።

«አይ፣ ክፉ ሰው አይደሉም! እንዳይቀየሙብኝ። ክፉ ቢሆኑ ለልባቸው እንዲህ ይጠነቀቁ ነበር? ደግሞስ ብረት መባል ስድብ ነው? ብረት አይታመምም፣ አያመውም፣ ፈቃድ አይጠይቅም። አንድ ቀን ቀጭ ይላል፣ በቃ። ያኔ ሌላ ይመጣል። ዕቃ ቤት ሞልቶ የለ?»

እጅጌውን ሰበሰበ። የሰዓቷን ማሰሪያ ፈታ። ሥሯ ያለው ቆዳ ነጥቶ ተሸብሽቧል፣ ውኃ ውስጥ እንደቆየ ጣት። በሸሚዙ ጫፍ ጠረጋትና እትዬ የተቀመጡባት ካርቶን ጠርዝ ላይ በቀስታ አስቀመጣት።

«ይቺን ሰዓት ደረጃ ላይ አገኘኋት፣ እትዬ። የማን እንደሆነች እንጃ። እኔስ እጄን እያሳከከችኝ ነው። እርስዎ ለምን አያስሯትም? ታምርብዎታለች። እርስዎም እኮ ከምድር ቤት እስከ አራተኛ ፎቅ ስንቴ ይወጣሉ፣ ስንቴ ይወርዳሉ! ከንቱ ሲቀር አይቆጭዎትም? ይቆጠር፣ ለሆነ ሰው ይጠቅማል። ያ ሌላ ቤት ያሉት ሰውዬ ደግሞ ሁለት ልብ ነበራቸው፤ አንዱ ሳያስቡት ሊያልቅባቸው ነው መሰለኝ። ሦስተኛ ቢጨመርላቸው ምን ይላሉ?… ወገብዎንም አብራ የምትቆጥር ከሆነማ፣ እሳቸው ነገ ጠዋት በአልጋ ነው የሚወጡት።»

እትዬ ሰዓቷን አላነሷትም። አዩዋት ብቻ፣ የሚናከስ ነገር እንደሚያዩ። ከዚያ ሳይታሰብ ሳቃቸው አመለጣቸው፣ ወዲያው አፋቸውን በነጠላ ሳይሆን በእርጥብ ጓንታቸው ያዙት፤ ፊታቸው ሁሉ አረፋ ሆነ።

ወንበር ወደ ኋላ ተገፋ።

ከቢሮው መጀመሪያ የእስክሪብቶ ድምፅ መጣ፣ አጭር። ወረቀት ከጥራዝ ሲገነጠል ተሰማ። ቀጥሎ ጫማ። ብረቱ ከልማዱ የተነሳ ከንፈሩን እያንቀሳቀሰ ቆጠረ፤ ታች ያዥ ደረጃ የሚያየው በዓይኑ ሳይሆን በቁጥር ነው። አንድ… ሁለት… ሦስት ላይ ጫማው አመነታ። አራት። አምስት። ስድስት። ሰባት ላይ በሩ ተከፈተ።

ሰዓቷ ካርቶኑ ላይ ተኝታ ስለነበር አንዱንም አልመዘገበችም።

ኃላፊው በሩ ላይ ቆሙ። ፊታቸው በርበሬ መስሏል። ወረቀቱን የያዘ እጃቸውን ዘረጉ፤ ዓይናቸው ግን እርጥቡ ወለል ላይ ነው፣ የሚረግጡት ቦታ እንዳጣ ሰው። ሰዓቷን ሲያዩ ዓይናቸውን ወዲያው ወደ ወለሉ መለሱ።

ብረቱ እጁን ሱሪው ላይ ጠረገ። ወረቀቱን በሁለት እጁ ተቀበለ፣ እስከ ወገቡ ጎንበስ ብሎ። አነበባት፤ ቀስ ብሎ፣ እያንዳንዱን ፊደል። ክሊኒክ ይላል። ዛሬ ይላል። የልብ ምርመራ ይላል፣ ከሥሩ ሁለት ጊዜ ተሰምሮበት። አጣጥፎ ደረት ኪሱ ውስጥ ከተታት፣ በግራ በኩል። ከዚያ ፊቱን ወደ ኃላፊው ሳይሆን ወደ እትዬ አዞረ። ድምፁ ማር ማር ይል ነበር።

«አዩልኝ አይደል፣ እትዬ? ሰው ጠፋ ይላሉ እንጂ ሰው አለ። ለኔ ብለው ተነሡ እኮ! ሰባት እርምጃ… በገዛ እግራቸው! ይሄን ውለታ በምን እመልሰዋለሁ? ደሃ ምን አለው፣ ምርቃት ነው እንጂ። እግዜር ጤናቸውን ይጠብቅልን። ወንበራቸው ይመቻቸው። ሊፍታቸው አይቁምባቸው። ልጆቻቸው እሳቸውን አይተው ይደጉ። ዕድሜያቸውንም… ዕድሜያቸውን በገዛ እግራቸው በሄዱት እርምጃ ልክ ያርገው።

«አሜን ይበሉ እንጂ፣ እትዬ። ጮክ ብለው።»